መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ አንድ ሰው ይወቅ
ለድሬዳዋ ከተማ ነዋሪዎች የተሰጠ ንግግር፤ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም.



በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መሠረት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ፣ እንደ ወትሮው በአዳራሽ ሳንገናኝ በሬዲዮ ላነጋግራችሁ ግድ ሆኗል። ምናልባት ለዛሬው ጉዳይ ይኸኛው መንገድ ይሻል ይሆናል። ስለ ኤች አይ ቪ በሚነገርበት አዳራሽ መታየትን የሚፈራ ሰው ከቤቱ ሆኖ ሊያዳምጠኝ ይችላልና።

የኮሮና ቫይረስ ወደ አገራችን መግባቱ ከተነገረበት ከመጋቢት 4 ቀን ወዲህ በቤት ስለ መቆየት ብዙ ተመክራችኋል። እኔ የምናገረው በቤት መቆየት ሌላ ጭንቀት ለሚያመጣባቸው ወገኖች ነው።

በቀፊራ ገበያ የምትነግድ አንዲት እናት በሐሳባችን እንያት። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንዳለ ካወቀች ዓመታት አልፈዋል፤ ባሏም ልጆቿም ግን አያውቁም። ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ብትሄድ የሰፈር ሰው እንዳያያት ስለምትሰጋ መድኃኒቷን የምታመጣው ከሐረር ነው። ክኒኑን ወደ ሌላ ብልቃጥ ገልብጣ ከሸቀጧ መካከል ትደብቀዋለች፤ የምትውጠውም ገበያ ላይ ነው። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ አገልግሏታል። አሁን ግን ገበያው ቀዝቅዟል፤ የሕዝብ ማመላለሻ ከመቀመጫው እኩሌታ በላይ እንዳይጭን ተደርጓል፤ ባሏም ቤት ይውላል። «በዚህ ጊዜ ሐረር ምን አለሽ?» ቢላት ምን ትመልሳለች? ምስጢሯን ለመጠበቅ ስትል ጉዞዋን ታስቀራለች፤ መድኃኒቱም በዚያው ይቋረጣል።

መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ አፍኖ ይይዘዋል እንጂ ከሰውነት ጨርሶ አያስወጣውም። ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፤ የሰውነት የመከላከል አቅምም ይዳከማል። አንድ ጊዜ እየወሰዱ ሌላ ጊዜ እየተዉ ሲቀጥሉ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት መድኃኒቱን የመግዛት አቅም አጥተው ያለፉ ብዙ ወገኖች ነበሩን። ዛሬ በነፃ የሚገኘውን መድኃኒት በፍርሃት ማጣት እጅግ ያሳዝናል።

በአደባባይ ወጥታችሁ ራሳችሁን ግለጡ አልልም። መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ የተባሉት ማኅበራት ሲመሠረቱ፣ መድኃኒት ባልነበረበት በዚያ ዘመን፣ ይህን ያደረጉ ደፋሮች ነበሩ፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ከእናንተ የምጠይቀው ግን አንድ ሰው ብቻ እንዲያውቅ ነው። ብትታመሙ ቀጠሯችሁን የሚያስታውስ፣ ለይቶ ማቆያ ብትገቡ መድኃኒታችሁን የሚያቀብል አንድ ሰው።

ይህ ሰው የትዳር ጓደኛ ቢሆን መልካም ነው፤ እርሱም መመርመር ይገባዋልና። ሆኖም ድብደባ ወይም ከቤት መባረር የሚያሰጋት ሴት ብቻዋን አትጀምረው። አስቀድማ በኤ.አር.ቲ. ክፍል ያለችውን አማካሪ ታነጋግር፤ ለጊዜውም ለታመነች እህት ወይም ጓደኛ መንገር ይቻላል። የጤና ባለሙያ ያለ ፈቃዷ ምስጢሯን አያወጣም። መድኃኒቱን በአግባቡ በመውሰድ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰና በዚያው የቆየ ሰው፣ ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍም ተረጋግጧል። ይህን እውነት አስቀድሞ መያዝ ንግግሩን ያቀለዋል።

ስለ መድኃኒቱ አወሳሰድም ጥቂት ልጨምር። ሕክምናችሁ የተረጋጋ ከሆነ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሊሰጣችሁ ስለሚችል ጠይቁ። በረመዳን የምትጾሙ፣ መድኃኒታችሁ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ሰዓቱን ወደ አፍጥር ወይም ወደ ሱሑር ስለ ማዛወር ባለሙያ አማክሩ እንጂ አትተዉት። ሎፒናቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ኮሮናን ያድናል ተብሎ ተወርቷል፤ በቻይና በዉሃን ከተማ በጠና በታመሙ ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ግን ይህን አላሳየም። ስለዚህ ክኒናችሁን ለጎረቤት አታካፍሉ። ለማንኛውም ጥያቄ በነፃ የስልክ መስመር 952 ደውሉ።

የመጨረሻው ቃሌ ምስጢሩ ለሚነገራችሁ ነው። «ከየት አመጣሽው?» አትበሏት። መድኃኒቷ የሚያልቅበትን ቀን ጠይቁና ያዙላት።