ደስታ የተባለው የከብት በሽታ

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



አባቶቻችን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ዘመን ክፉ ቀን ይሉታል። በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ ከአገራችን ከብት ከመቶው 90 ያህሉን እንደ ፈጀ ይገመታል። በሬው አለቀ፤ እርሻው ጦም አደረ፤ ሕዝቡም በረኃብ ረገፈ።

ይህን ያደረገው በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው። ቫይረስ ብቻውን ሳለ አይበላም፣ አይበዛም። ነገር ግን በሽታን ከሚከላከሉት የከብቱ ሕዋሳት ላይ የሚስማማውን መያዣ ሲያገኝ እርሱን ይዞ ይገባል፤ ሕዋሱንም ሥራውን አስትቶ የራሱን ብጤ ያሠራዋል። ዘበኛው ለሌባ ካደረ ቤቱን ማን ይጠብቀዋል?

በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዋልተር ፕሎራይት የተባለ የከብት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በኬንያ ቫይረሱን ከጥጃ ኩላሊት በተወሰዱ ሕዋሳት ውስጥ 90 ጊዜ ያህል እያዛወረ አሳደገው። ቫይረሱም ያን ኑሮ ሲለምድ መግደሉን ተወ፤ ክትባት ሆነ። በዚህ ክትባትና በብዙ ሰዎች ድካም በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ።

ሆኖም የቅርብ ዘመዱ የሆነው የበግና የፍየል ደስታ ገና አለ። ክትባቱ እዚሁ አገራችን በቢሾፍቱ ይሠራል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ከታቢው ወደ ሞጣ ገጠር ሲመጣ በጎቻችሁን አትደብቁ። ተማሪዎች ሆይ፣ የአያቶቻችን በሬ ያለቀውም፣ መድኃኒቱ የተገኘውም በሕዋስ ውስጥ ነውና ይህን ትምህርት እንደ ዋዛ አንየው።