ጨዋ ማን ነው?



ፈረንጆች የጥንት ፈረሰኞችን ምግባር «ሺቫልሪ» ይሉታል፤ ቃሉ ከፈረስ የመጣ ነው። መነሻው ፈረስና ጦር እንጂ ደግነት አልነበረም። የእኛም «ጨዋ» በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የንጉሥ ጦር መጠሪያ ነበር። ዛሬ ጨዋ የምንለው ግን ጉልበት እያለው ራሱን የሚገዛውን ነው።

ይህንን በተግባር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት ከተያዘች በኋላ፣ ራስ እምሩ እዚህ አጠገባችን ጎሬ ላይ መንግሥት ይዘው ነበር። ያኔ በወለጋ የሆለታ መኮንኖችና የተማሩ ወጣቶች «ጥቁር አንበሳ»ን መሠረቱ። መሪያቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ባለ 10 ነጥብ ደንባቸው ገበሬን ማንገላታትንና ምርኮኛን ማሠቃየትን ይከለክል ነበር። እስቲ አስቡት፦ ወታደር ከባላገር ጓዳ መብላት በለመደበት አገር፣ ያውም በዚያ ጭንቅ ሰዓት!

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ታማሚ ተሸክሞ ከገጠር መቱ የደረሰ ገበሬ ፊታችን ሲቆም ጉልበቱ በእኛ እጅ ነው። ብናመናጭቀውም ጠያቂ የለብንም። ስለዚህ በየክፍላችን አጭር ደንብ እንጻፍ፦ ታማሚ ሳይነገረው አይነካ፤ አስታማሚ አይመናጨቅ። ደንቡም የሚፈተነው መድኃኒት ባለቀበትና ተረኛው በደከመበት ሌሊት ነው።