እርጥብ እጅና ኮረንቲ
(በኒምራ ታላታ፣ ጁባ፣ ለተሰበሰቡ ስደተኞች የተደረገ ንግግር)

የዛሬው ጉዳያችን ከዝናብ ጋር የተያያዘ ነው።

ባለፈው ክረምት በጎረቤታችን ግቢ አንዲት እህታችን ሊጥ በነካው እጇ የምጣዱን ሶኬት ልትነቅል ስትል ኮረንቲ ያዛት። ወንድሟ በባዶ እግሩ ሮጦ እጇን ቢስብ እሱንም ያዘው። እኛ ትልልቆቹ ቆመን ስንጮኽ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ሮጦ ጄኔሬተሩን አጠፋ። ሁለቱም በሕይወት የተረፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙዎቻችን «የጄኔሬተር መብራት አይገድልም» እንላለን። ይህ ስሕተት ነው። ትንሹ ጄኔሬተርም ቢሆን የሚሰጠው እንደ ከተማው መብራት 220 ቮልት ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በጁባ የከተማ መብራት እንደገና መሠራጨት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ምጣድና ካውያ የሚጠቀመው ቤት በዝቷል።

ደረቅ ቆዳ ኮረንቲን በመጠኑ ይከላከላል፤ የራሰ ቆዳ ግን በቀላሉ ያሳልፈዋል። አንድ ባለ 60 ዋት አምፑል ከሚወስደው ኮረንቲ ሩብ ያህሉ በደረት ካለፈ ልብን ሊያቆም ይችላል። ፊውዝም አያድነንም፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው።

ስለሆነም፦

በእርጥብ እጅ ወይም በባዶ እግር ሶኬትና ማብሪያ አንንካ። በባልዲ ውሃ የምናፈላበትን የኤሌክትሪክ ዘንግ ሳንነቅል ውሃውን በጣታችን አንሞክር። የተላጠ ሽቦ በቆርቆሮ ግድግዳ ላይ አናሳልፍ፤ ኤክስቴንሽንም ጭቃ ላይ አንዘርጋ። ጄኔሬተሩን ከዝናብ ለማዳን ብለን ቤት ውስጥ አናስገባ፤ በጭሱ ውስጥ ሽታ የሌለው ገዳይ መርዝ አለና።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው ደግሞ በእጃችን አንሳብ። አስቀድመን መብራቱን ከጄኔሬተሩ ወይም ከቆጣሪው እናጥፋ። ይህ ካልተቻለ በደረቅ ጣውላ ላይ ቆመን በደረቅ እንጨት ከሽቦው እናላቅቀው። መተንፈስ ካቆመ የደረቱን መካከል በሁለት እጅ አከታትለን በኃይል እየተጫንን ርዳታ እንጥራ። ቢነቃም ሐኪም ሳያየው አይቅር።

ወላጆች ሆይ፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ መብራቱ የሚጠፋበትን ቦታ አሳዩአቸው። ያን ቀን ሁለት ነፍስ ያዳነው ይህን የሚያውቅ ልጅ ነው።