ጎጆውን ያፈረሰው እንፋሎት ነው
(በጥቅምት ወር ስብሰባችን ላይ፣ መሀል ሜዳ፣ ከአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)

 

ለበዓል ገበታ መሀል ስለሚቀመጠው የብስኩት ጎጆ እንድናገር ጠይቃችሁኛል። መጀመሪያ የፈረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ያስተማረኝ እሱ ነውና።

ባለፈው ገና ከማኅበራችን 3,000 ብር ተበድሬ ቅቤ፣ ስኳርና እንቁላል ገዛሁ። ሦስት ጎጆ በትእዛዝ ሠራሁ። የዋዜማው ዕለት ድፎ ዳቦዎቹ ከምጣድ እንደወጡ፣ ያምራል ብዬ ጎጆዎቹን ዳቦው ላይ አስቀምጬ በመሶብ ክዳን ሸፈንኳቸው። ጠዋት ስከፍት ግድግዳው እርጥብ ካርቶን መስሏል፤ ጣሪያው ወደ ውስጥ ገብቷል። ያዘዘችኝ ሴት አልቀበልም አለች፤ እውነቷን ነው። ዕዳውን የከፈልኩት አንዲት በግ ሸጬ ነው።

ጥፋቱ የእጅ ሥራው አልነበረም። ትኩስ ዳቦ ሌሊቱን ሙሉ እንፋሎት ያወጣል፤ ደረቅ ብስኩት ደግሞ ያን እርጥበት ይጠጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ ዳቦው መሀል፣ ጎጆው አጠገብ። ሁለቱ አይነባበሩም፤ በአንድ ክዳን ሥርም አያድሩም።

አሁን ወደ ሊጡ ልግባ። ለአንድ ጎጆ 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ኩባያ በደንብ የተነፋ የገብስ ዱቄት፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ስኳር፣ ያንኑ ያህል ቅመም ያልገባበት ለጋ ቅቤ፣ 1 እንቁላልና ጥቂት የተወቀጠ ኮረሪማ ይበቃል። ሊጡ አልያያዝ ካለ አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጨምሩ። የእኛ ገብስ ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ብቻውን ግን አይያያዝም፣ ይፈረካከሳል። ስንዴው የገባው ለዚያ ነው።

ቤኪንግ ፓውደር አታስገቡ። የአገራችን ከፍታ 3,000 ሜትር ይደርሳል፣ ይበልጣልም፤ ውሃ እንኳ እዚህ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አየሩ ስለሚሳሳ የሚነፋ ነገር የገባበት ሊጥ ከቆላው ይበልጥ ይነፋል፣ ቅርጹም ይጠፋል። ለሚበላ ብስኩት መነፋቱ ደስ ይላል፤ ለግድግዳ ግን ጠርዙ ቀጥ ያለ መሆን አለበት።

ቤታችን ክብ ነው፤ ብስኩትን ማክበብ ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ባለ ስድስት ማዕዘን አድርጉት፤ ከሩቅ ክብ ይመስላል። ከካርቶን ሁለት ልክ ቁረጡ። አንዱ ለግድግዳ፣ ወርዱ 8 ቁመቱ 7 ሳንቲ ሜትር። ሁለተኛው ለጣሪያ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ታችኛው ጎኑ 10 ከመሀሉ እስከ ጫፉ 12 ሳንቲ ሜትር። ሊጡን በግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ዳምጣችሁ ከእያንዳንዱ ስድስት ስድስት ቁረጡ። በግድግዳው ላይ የድንጋይ ካብ፣ በጣሪያው ላይ የጓሳ ክዳን እንዲመስል በሹካ ጫር ጫር አድርጉ። በተረፈው ሊጥ የመንዝ በግ ሥሩ፤ ዓይኑ ጥቁር አዝሙድ ነው።

ምድጃ የሌለን ምጣድ አለን። ምጣዱ ላይ ሦስት ጠፍጣፋ ጠጠር አስቀምጬ የብረት ትሪውን በእነሱ ላይ አሳርፋለሁ፤ ብስኩቱ ከሥር እንዳያርብኝ ነው። በቆርቆሮ ክዳን እከድንና ፍሙን ከላይ አበዛለሁ፣ ከታች አሳንሳለሁ። ጠርዙ ቡናማ ሲል አወጣለሁ። ሳይቀዘቅዝ አትንኩት፤ ትኩሱ ይጎብጣል።

ማጣበቂያው የአንድ እንቁላል ነጩ ክፍልና 2 ኩባያ ያህል እንደ ዱቄት የላመ ስኳር፣ ከጥቂት የሎሚ ጠብታ ጋር ነው። ማንኪያ እስኪያቆም ድረስ ምቱት። ግድግዳውን አቁማችሁ ለሁለት ሰዓት ተዉት፤ ከዚያ ነው ጣሪያው። ስንቸኩል ነው የሚናደው። ለቢጫ እርድ፣ ለቀይ የቀይ ሥር ጭማቂ ይበቃል፤ ጭማቂውን ግን በጠብታ ብቻ፣ ካበዛችሁት ማጣበቂያው ይቀጥናል።

አንድ ችግር አለ፤ የምንሠራው በጾም ነው። ቅቤና እንቁላል ያለበትን ቀምሶ ማስተካከል የለም። የእኔ ቀማሽ አራት ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ ናት፤ እሷ ግን ሁሉንም «ይጣፍጣል» ትላለች። ስለዚህ በዓይን መገመት ይቅር፤ በኩባያ እንለካ።

ስለ ዋጋም ልናገር። ባለፈው የቅቤውን፣ የስኳሩንና የእንቁላሉን ወጪ ቆጥሬ ትንሽ ጨመርኩበት። ማገዶውን አልቆጠርኩም። ሁለት ቀን ሙሉ የቆምኩበትን አልቆጠርኩም። ባይፈርስ ኖሮ እንኳ ትርፌ ድካም ነበር። እኛ ሴቶች የራሳችንን ጉልበት በነፃ እንደሚገኝ እናየዋለን፤ ይህን ማኅበር የመሠረትነው ግን ይህ እንዲቀር ነበር።

በመጨረሻ፣ አንዲት እናታችን ባለፈው ስብሰባ «እህል መጫወቻ አይደለም» ብለውኛል። ቤቴ ገብቼ ብዙ አሰብኩበት። እውነት አላቸው። በዚህ ተራራ ውርጭ ሰብል ሲመታ አይተናል፤ እህል ማክበርን ያስተማረን ማጣት ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ሕግ ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው፦ ጎጆው ለማየት ተሠርቶ የሚጣል አይሁን። መጀመሪያ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ከዚያ ጎጆው በዚያው ቀን ለልጆች ይከፈላል፣ ፍርፋሪው ሳይቀር። የሚበላ ከሆነ ጨዋታ አይደለም፤ የበዓል ምግብ ነው። እናታችን ዛሬም እዚህ አሉ፤ ካልተስማሙ ይናገሩኝ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ በፊት፣ ቀምሰን መፍረድ ስንችል፣ አምስት ሆነን በየራሳችን ዱቄት አንድ ጎጆ እንሥራ። ሦስት ቀን እዚህ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ከቆመ የማኅበሩን ብድር እንጠይቃለን፣ ትእዛዝም እንቀበላለን። ከፈረሰ ለቡና ቁርስ እናደርገዋለን፤ የማንም በግ አይሸጥም።