ጠበቃ የሌለው ሰው ቀጠሮ ይጠይቅ እንጂ ከችሎት አይቅር

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ለሚገኙ ጀመዓዎች የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችን ስለሚመጣ አንድ ወረቀት ነው፤ ስለ ፍርድ ቤት መጥሪያ። ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ፣ በቤት ኪራይ፣ በብድር፣ በይዞታ፣ በውርስ፣ በፍቺና በቀለብ ጉዳይ የሚከሰሱ ወገኖች አሉን። ብዙዎቹ ጠበቃ የሚይዙበት ገንዘብ የላቸውም። ከሳሹ ግን ጠበቃ አቁሞ ይመጣል። ያን ጊዜ አንዱ ፈርቶ ቤቱ ይቀራል፤ ሌላው ችሎት ፊት ቆሞ የሚለው ይጠፋዋል። ሁለቱም ሐቃቸውን ሳይናገሩ ይፈረድባቸዋል።

ቀጠሮ የሚባለውን ነገር እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ኮሚቴዎቻችን በሐምሌ 2004 ተይዘው ማዕከላዊ ገቡ፤ በጥቅምት 2005 በፀረ ሽብር አዋጁ ክስ ተመሠረተባቸው፤ ከ7 እስከ 22 ዓመት የደረሰው የቅጣት ውሳኔ የተሰጠው ሐምሌ 27 ቀን 2007 ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደረብ፣ እናቶች ስንቅ ተሸክመው ሲመላለሱ አይተናል። ታዲያ በቀጠሮ የተማረርን ሰዎች ዛሬ «ቀጠሮ ጠይቁ» ማለታችን የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። አይጋጭም። እስር ቤት ላለ ሰው የተራዘመ ቀጠሮ ዕድሜውን ይበላበታል። ጠበቃ የሌለው ሰው የሚጠይቀው አጭር ቀጠሮ ግን ቃሉን አዘጋጅቶ እንዲቀርብ ነው። በሁለቱም ቦታ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው በአግባቡ ሳይሰማ አይፈረድበት።

ይህ ለዲናችን እንግዳ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊይን (ረ.ዐ) ወደ የመን ሲልኳቸው፣ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምተው እንዳይፈርዱ አዘዋቸዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ) ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ጻፉት ተብሎ በሚተላለፈው ደብዳቤ፣ ማስረጃዬ አሁን በእጄ የለም ለሚል ሰው የጊዜ ገደብ እንዲሰጠው፣ በገደቡ ውስጥ ካላመጣ ግን እንዲፈረድበት መመሪያ ሰጥተዋል። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ያዙ፤ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ጊዜው ግን ወሰን አለው።

የሀገራችን ሕግስ ምን ይላል? በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና በዚህ ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ መንግሥት እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ደንግጓል። በፍትሐ ብሔር ክርክር ግን እንዲህ ያለ ዋስትና በዚያ አንቀጽ አልተሰጠም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክርክርን ለሌላ ቀን ስለማስተላለፍ በቁጥር 197 የሚለው፣ በቂ ምክንያት ከቀረበ ፍርድ ቤቱ ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ነው። ስለዚህ «ጠበቃ የለኝም» ብሎ ማልቀስ ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱ በቂ መሆኑን ማሳየት አለብን።

እንዴት? ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፤ ከተቻለም ከቀጠሮው ቀን በፊት ይግባ። መጥሪያው መቼ እንደደረሰ፣ ጠበቃ ለማግኘት የት የት እንደተጠየቀ፣ ምን መልስ እንደተገኘ፣ ስንት ቀን እንደሚያስፈልግ ይገለጽ። የተጠየቀበትን ደብዳቤ ወይም የድህነት ማስረጃ አያይዙ። «ይራዘምልኝ» ብቻ ከሚል ሰው ይልቅ «ለሦስት ሳምንት ይራዘምልኝ፤ በዚህ ጊዜ ይህን እሠራለሁ» የሚል ሰው የመሰማት ዕድሉ የተሻለ ነው። ዳኛው ሊከለክል ይችላል፤ ቢፈቅድም የዕለቱን ወጪና ኪሣራ ክፈሉ ሊል ይችላል። ስለዚህ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ባያገኝም በራሱ አንደበት የሚያስረዳውን አዘጋጅቶ፣ ሰነዱን ይዞ ይሂድ።

ከሁሉ በላይ ግን በቀጠሮው ቀን አትቅሩ! ማመልከቻ ማስገባት ከመቅረብ አያድንም። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፤ ከሳሽ ከቀረም መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል። በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ መጥሪያው በአግባቡ ካልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት ከቀረ፣ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ በቁጥር 78 መሠረት እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። ወሩ ካለፈ በሩ ይጠባል። ይህ ለሸሪዓ ፍርድ ቤትም ይሠራል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት በዚያ መዳኘት በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው፤ መጥሪያ ደርሶት ዝም ያለ ሰው ግን እንደተስማማ ይቆጠራል። የክርክሩ ሥነ ሥርዓትም በመደበኛው ሕግ ይመራል።

ጠበቃ ሲጠፋ ሌሎች መንገዶችም አሉ። ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ ልጅ፣ አባት ወይም እናት ከውልና ማስረጃ ውክልና ተሰጥቷቸው ሊከራከሩ ይችላሉ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያልቻለ ከሳሽ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ፈቃድ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለእህቶቻችን በነጻ ይረዳል። የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992ም ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት መክፈል ለማይችሉ ሰዎች በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዞ ነበር። በጀመዓችን ውስጥ የምትሰግዱ ጠበቆች ሆይ! ለዚህ የምታውሉት ሰዓት የጎረቤቶቻችሁ ሐቅ ነውና በመስጂዳችሁ በኩል ስጡት።

ከየመስጂዱ የምንጠብቀው ከባድ ነገር አይደለም። ከጁሙዓ በኋላ መጥሪያ የሚያነቡ ሁለት ሰዎች ይመደቡ፤ ሕግ የሚማሩ ወጣቶቻችን ለዚህ ይበቃሉ። ፈቃደኛ ጠበቆች በስምና በስልክ ይመዝገቡ። ችሎት የሚሄድን ሰው አንድ ወንድም ወይም እህት አብሮ ይሂድ። ሰኔ 2008 በሐና ማርያም አካባቢ ቤቶች ሲፈርሱ ሜዳ ላይ የቀሩ ቤተሰቦችን አይተናል። ወረቀት ሲመጣ ወዴት እንደሚኬድ አስቀድሞ ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያኔ ተምረናል።

አንድ አደራ ይቀረናል። ቀጠሮን ዕዳ ለማሸሽ፣ የየቲምን ውርስ ለማጓተት፣ የተፈታችን እህት ቀለብ ለማስቀረት መጠየቅ ዙልም ነው። በእኛ ላይ ሲደረግ የጮህንበትን በሌላው ላይ አናድርግ። የተሰጠን ቀን ለተጠየቀበት ጉዳይ ይዋል።

መጥሪያ በእጁ ያለ ሰው ዛሬ ከዚህ ሳይወጣ ለኢማሙ ይንገር። አላህ ሐቅን ለባለሐቁ ያድርስ፤ ለተበደለ ሁሉ ይድረስ! አሚን!

አላሁ አክበር!