ሕመሙን ለማን ይግለጠው?



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረታችን እውነት ቢሆንም ጎደሎ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በደባቂው ላይ ይጥላል እንጂ፥ ሰውየው ሕመሙን ለማን ሊገልጠው ይችል እንደ ነበር አይጠይቅም። ዛሬ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የምናገረው፥ ይህ ጥያቄ በእነርሱ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ስለሚታይ ነው፤ ነገሩም ዞሮ ወደ ትምህርት ቤት ያደርሰናል።

በእነዚያ ቤተ ሰቦች ዘንድ የአእምሮ ሕመም ብዙ ጊዜ ይሸሸጋል። ጭንቀት ያደከመው ሰው «በርታ፤ ጸልይ» ይባላል፤ የቤት ገመና ወደ ውጭ አይወጣም። ይህን ሰምቶ «አለማወቅ ነው» የሚል አይታጣም፤ እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ አልፈርድም። እ.ኤ.አ. በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሐኪም፥ ከጌታው የሚኮበልል ባሪያ የአእምሮ በሽተኛ ነው ብሎ «ድራፔቶማኒያ» የሚል ስም አወጣለት፤ መከላከያውም ግርፋት እንዲሆን መከረ። ነጻነትን መሻት በሽታ ተባለ ማለት ነው! ከ1932 እስከ 1972 ደግሞ በአላባማ፥ በቱስኪጊ፥ የመንግሥት ሐኪሞች ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁር ወንዶች፥ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ ሳያክሙ የበሽታውን አካሄድ ብቻ ይከታተሉ ነበር። አባቱ እንዲህ የተደረገበት ልጅ የልቡን ለሐኪም ለመግለጥ ቢያመነታ፥ ማመንታቱ ምክንያት አለው።

እንግዲህ ምን ተደረገ? በ1946 በኒው ዮርክ ከተማ፥ ሐርለም በተባለው የጥቁሮች ሰፈር፥ በቅዱስ ፊልጶስ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ላፋርግ ክሊኒክ ተከፈተ። ከመሥራቾቹ መካከል የአእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርትሃምና ጥቁሩ ደራሲ ሪቻርድ ራይት ይገኙባቸዋል። ሐኪሞቹ ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው ይሠሩ ነበር፤ ሰዓቱ ሠራተኛው ከሥራ የሚመለስበት ምሽት፥ ክፍያውም 25 ሳንቲም ብቻ ነበረ። ሰው የሚገባው ወደ «እብዶች ቤት» ሳይሆን ወደ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ነውና፥ ጎረቤት ቢያየው ምን ያሳፍረዋል?

በ1951 በዴላዌር ግዛት በቀለም ተለያይተው የሚማሩ ጥቁርና ነጭ ልጆች ወደዚሁ ክሊኒክ መጥተው ተመረመሩ። መለያየቱ በልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ወርትሃም በፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ፤ በ1952ም ዳኛው ኮሊንስ ሳይትስ ጥቁሮቹ ልጆች ወደ ነጮቹ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ፈረደ። ጉዳዩ በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በቀለም መለያየት ባስቀረበት ፍርድ ውስጥ ከተጠቃለሉት አንዱ ነው። ክሊኒኩ ግን በ1958 ተዘጋ።

ሐሳቡ በአህጉራችንም አለ። ከ2006 ጀምሮ በሐራሬ ከተማ፥ በሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ አሳቢነት፥ የሠለጠኑ አሮጊቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ያዳምጣሉ። ሕመሙንም በሕዝቡ ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ»፥ ማለት «ሐሳብ ማብዛት» ይሉታል። እኛም «ሐሳብ ገባው» እንል የለምን? ይህ ቃል ማንንም አያዋርድም፤ «ቀወሰ» የሚለው ግን በር ይዘጋል።

የልጅን መለወጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው መምህር ነው። ወላጆቹ ወደ ጸበል ወይም ወደ ሼህ ቢወስዱት መምህሩ አይዝለፋቸው፤ ሐርለምም ሕዝቡን ከቤተ ክርስቲያን አላስወጣም። በቅርቡ ያለውን ጤና ጣቢያ ይወቅ፤ ከወላጁ ጋራ አብሮ ይሂድ፤ የሰማውንም በመምህራን ክፍል አያውራ።

ለኀላፊዎች የቀረኝ አንድ ነገር አለ። ታክሞ የተመለሰ መምህር ክፍሉን ተነጥቆ መጋዘን ጠባቂ ቢደረግ፥ ሌሎቹ መምህራን ይህን አይተው ሕመማቸውን ይሸሽጋሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ማስተማር ይችላል ያለው መምህር፥ በተመለሰበት ቀን የክፍሉ ቁልፍና የተማሪዎቹ መዝገብ ይሰጠው።