የቮዬጀር 1 ደካማ ድምፅ

እሷ፦ እ.ኤ.አ. በ1977 የተወነጨፈችው የጠፈር መንኮራኩር ቮዬጀር 1 ዛሬም ጉዞ ላይ ናት። ከምድር ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃለች።

እሱ፦ ቁጥሩ ብቻውን አይጨበጥም፤ በብርሃን እንለካው። ብርሃን ከፀሐይ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ቮዬጀር ጋ ለመድረስ ግን ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል።

እሷ፦ የሬዲዮ ሞገድም እንደዚያው ነው። ዛሬ ጠዋት ትእዛዝ ብንልክላት መልሷን የምንሰማው ከነገ ወዲያ ነው ማለት ነው።

እሱ፦ ለዚህ ነው የ2023ቱ ጉዳይ ሁሌም የሚገርመኝ። በኅዳር ወር የምትልከው መረጃ ድንገት ትርጉም አልባ ሆነ። የናሳ መሐንዲሶች ወራት ፈጅቶባቸው ችግሩ አንዲት የማስታወሻ ቺፕ መሆኗን ደረሱበት። እዚያ ሄዶ የሚቀይራት የለም! በቺፗ ላይ የነበረውን የፕሮግራም ኮድ ከፋፍለው ጤነኛ በሆኑት የማስታወሻ ክፍሎች አሰፈሩት። በ2024 ሚያዝያ ስለ ደኅንነቷ የሚነበብ መረጃ መጣ።

እሷ፦ ሰምቼ ደስ ያለኝን አልረሳውም። ኃይሏ ግን እየመነመነ ነው አይደል?

እሱ፦ አዎ። ኤሌክትሪኳ ከፕሉቶኒየም ሙቀት የሚገኝ ነው፤ በየዓመቱ 4 ዋት ገደማ ይቀንስባታል። መሣሪያዎቿም በየተራ እየተዘጉ ነው።

እሷ፦ የማስተላለፊያዋ ጉልበት እኮ 20 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ የአንድ ትንሽ አምፖል ያህል!

እሱ፦ የሚያዳምጧት አንቴናዎች ናቸዋ ግዙፎቹ፤ ትልልቆቹ 70 ሜትር ስፋት አላቸው። ምድር ስለምትሽከረከር በካሊፎርኒያ፣ በስፔንና በአውስትራሊያ ተተክለዋል፤ አንዱ ጋ ስትጠልቅ ሌላው ይቀበላታል።